ከማንቁርት በኋላ መናገር፦ የድምፅ ፕሮስቴሲስ፣ የንግግር ሕክምናና የአማርኛ ድምፆች

በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው በአንገቱ ነው። የአየር ቧንቧው ጫፍ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቋሚ ቀዳዳ፣ ማለትም በስቶማ፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አፍና አፍንጫ ከሳንባ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ምላስ፣ ከንፈርና ላንቃ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ነበሩ ናቸው። የጎደላቸው አየርና ነዛሪ አካል ነው። የድምፅ ፕሮስቴሲስ የሚባለው መሣሪያ አየሩን ይመልሳል፤ ንግግሩን የሚመልሰው ሥልጠናው ነው። ሥልጠናውም በታካሚው ቋንቋ ድምፆች ላይ ካልተመሠረተ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና የመጀመሪያውን ሙሉ የማንቁርት ቀዶ ሕክምና ለካንሰር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዛሬ የምናውቀው የመናገሪያ ዘዴ የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሕክምና ጽሑፎች አንድ አሜሪካዊ ታካሚ በጋለ የበረዶ መውጊያ በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል በራሱ እጅ ቀዳዳ አበጅቶ እንደ ተናገረ መዝግበዋል። የሰው ልጅ ለመናገር ምን ያህል እንደሚደፍር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ሞዞሌቭስኪ በፖላንድ በ1972 ቫልቭ ያለው መሣሪያ አስተዋወቀ፤ ማርክ ሲንገርና ኤሪክ ብሎም በ1980 ያሳተሙት ዘዴ ደግሞ በዓለም ተስፋፋ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት የሲሊኮን ቫልቭ ይቀመጣል። ተናጋሪው ስቶማውን በጣቱ ሲዘጋ የሳንባው አየር በቫልቩ አልፎ ወደ ምግብ ቧንቧው ይገባል፤ የቧንቧው አናት ይነዝርና ድምፅ ይወጣል። ድምፁ ወፍራምና ሻካራ ነው። ሴት ታካሚዎች በስልክ ወንድ እየመሰሉ መቸገራቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከጣት ነው። ጀማሪው ድምፅ እንዲወጣለት ሲጓጓ ስቶማውን አጥብቆ ይጫናል፣ ደረቱን ሞልቶ ይገፋል። ግፊቱ የሚነዝረውን ክፍል ያጨማድደዋል፤ ድምፁም ይታነቃል። ባለሙያው የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፦ በልክ መተንፈስ፣ ጣትን በለስላሳው ማሳረፍ፣ «አ» ማለት፣ ጣትን ማንሣት። ከአናባቢ ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ሐረግ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ እንደ ታነቀ ከቀረ ችግሩ የጡንቻ መኮማተር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ቦቱሊነም መርፌ ወደሚሰጠው ሐኪም ያመራል። ልምምድ ብቻ እየደጋገሙ ሰውየውን ሰነፍ ማስመሰል በደል ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ እና ጵ የሥነ ድምፅ ምሁራን ፈንጂ የሚሏቸው ድምፆች ናቸው። ጤነኛ ተናጋሪ «ጣ» ሲል የድምፅ አውታሮቹ ይገጥማሉ፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከምላሱ ኋላ የታፈነው አየር ይጨመቅና ምላሱ ሲለቀው ይፈነዳል። ማንቁርት የሌለው ሰው የሚዘጋውም የሚያነሣውም የለውም። ስለዚህ «መጣ» ያለው «መታ»፣ «ቀዳ» ያለው «ከዳ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። አየሩ በቫልቩ ባለፈ ቁጥር የቧንቧው አናት ስለሚነዝር «ከፋ» እና «ገፋ»ም ይቀላቀላሉ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ይህን የኋለኛውን ችግር ይነካል፤ ፈንጂዎቹን ግን አያውቃቸውም።

መውጫ ግን አለ። የምግብ ቧንቧው አናት ተናጋሪው አየር በማይልክበት ጊዜ ዝግ ነው። ከታች በእርሱ፣ ከፊት በምላስ፣ ከላይ በላንቃ የተከበበ አየር በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ይገኛል፤ የምላስ ሥር ይህን አየር መጭመቅ ይችላል። የምመክረው ልምምድ ይህ ነው፦ ጣት ከስቶማው ይነሣ፤ «ጥ» እና «ቅ» በአፍ አየር ብቻ ይፈንዱ። ፍንዳታው ሲጠራ ስቶማውን ወዲያው ዘግቶ አናባቢውን ማስከተል ይለመድ፦ ጣ፣ ጡ፣ ጢ። ቀጥሎ «መጣ»ና «መታ»፣ «ቀዳ»ና «ከዳ» እየተፈራረቁ ይነገሩ። አድማጩ ከንፈር እንዳያነብ ጀርባውን ሰጥቶ የሰማውን ይጻፍ። «ህ» በማንቁርት የሚፈጠር ስለሆነ በምላስ ሥርና በጉሮሮ ግድግዳ መካከል በሚበጅ ጥበት ይተካል፤ ውጤቱ ወደ ትግርኛው «ሐ» የቀረበ ድምፅ ነው።

ሌላው ጉዳይ የትንፋሽ ክፍፍል ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አሉታውን፣ ጾታውን፣ አክብሮቱን ተሸክሞ። «ግባ»፣ «ግቢ»፣ «ይግቡ» የሚለያዩት በቃሉ ዳርቻዎች ነው። ትንፋሹ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ በፊት ያለቀበት ተናጋሪ መልእክቱን የሚያጣው ዋናው ቦታ ላይ ነው፤ ታላቁን ሰው እንደ እኩያው ያናገረ ሊመስልም ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ከግሡ በፊት ቆም ብሎ አየር መሳብን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ይልመድ።

አየር በአፍንጫ ስለማያልፍ ማሽተትም ይደክማል። የኔዘርላንድስ ካንሰር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ለዚህ ያቀረቡት ዘዴ ከንፈርን ገጥሞ፣ መንጋጋንና ምላስን ዝቅ እያደረጉ እንደ ማዛጋት ነው፤ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው ክፍተት አየርን በአፍንጫ ይስባል። በእኛ ቤት ለመለማመጃ ከሚቆላ ቡና የተሻለ ነገር አይገኝም።

ቫልቩ ዘላለማዊ አይደለም። እርሾ መሰል ፈንገስ ይበቅልበትና ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ያፈስሳል። ታካሚው ቀለም ያለው መጠጥ ሲጠጣ ስቶማውን በብርሃን ማየት ፍሳሹ በቫልቩ መካከል ይሁን በዙሪያው ለመለየት ይረዳል፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ቅያሪ በሌለበት ቫልቭ መትከል ታካሚውን ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባው በሚገባበት አደጋ ላይ መተው ነው።

የንግግር ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው። ቀዶ ሐኪሞች ታካሚውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከእነርሱ ጋር ያገናኙት፤ የአማርኛ ሥነ ድምፅ መምህራንም ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው በፈንጂ ድምፆችና በግሥ መጨረሻዎች ላይ የተመሠረተ የልምምድ መጽሐፍ ያዘጋጁ።