መጽሐፉና ምስሉ

የዕውቀት ተደራሽነት መዛባት ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት በ1877 ያሳተመው ዝርዝር መግለጫ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ የግእዙ ሊቅ የአገሩን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር፣ ዝርዝሩን ለማንበብም ባዕድ ቋንቋ መማር ግድ ሆነበት።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጽፉ፣ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። ሙዚየሙም ከሁለቱ አንዱን መለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት ግልባጩን ሳይሆን መጽሐፉን ነበር።

ዛሬ መጻሕፍቱ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ብዙዎቹ በዲጂታል ስለተነሡ፣ እኔም ለተማሪዎቼ ገጾቻቸውን ከዚሁ ሆኜ ለማሳየት በቅቻለሁ፤ ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን በኦክቶበር 2023 ቤተ መጻሕፍቱ በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ ምስሎቹ ለብዙ ወራት ከእኛም ተሰወሩ።

በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሌላ እስከሆነ ድረስ፣ በእጃችን ያለው የማየት ፈቃድ ብቻ ነው። ስለሆነም የምስሎቹ ሙሉ ቅጂ በአገራችን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ በአማርኛና በግእዝም ዝርዝር ይዘጋጅለት እላለሁ። የመጻሕፍቱ የመመለስ ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም።