ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የመኪና አላርምና የተጨማሪ ሴንሰር ታሪክ

ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤት ተቀምጠን ክትፎው ከቀረበ በኋላ ከውጭ የመኪና አላርም ሲጮኽ ስንቶቻችን ነን ከወንበራችን የምንነሣው? ብዙውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ያያል፤ «ያንተ ነው እንዴ?» ይባባላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ ጩኸት ሰሚ ያጣው እንዴት ነው? ከፋብሪካ ተገጥሞ በመጣው አላርም ላይ ሌላ ሴንሰር የመጨመሩ ልማድስ ከየት መጣ? ለመልሱ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመኪና ስርቆት ዕድሜው ከመኪናው ዕድሜ ብዙም አያንስም። በአሜሪካ የተሰረቀ መኪና ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ማሻገር የፌዴራል ወንጀል የሆነው በ1919 ነው። ይሁን እንጂ መኪና ሠሪዎቹ ጥበቃውን ለረጅም ጊዜ ለባለቤቱ ትተውት ቆዩ። ቁልፉ ሲወጣ መሪው እንዳይዞር ወይም መኪናው በሞተሩ እንዳይሄድ የሚያደርግ መቆለፊያ በአዳዲስ የመንገደኛ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ገና በ1970 ነበር።

ፋብሪካ ራሱ አላርም ከገጠመላቸው ቀደምት መኪኖች አንዷ ሼቭሮሌት ኮርቬት ናት። በ1968 ተጨማሪ ለከፈለ ብቻ ይገጠም ነበር፤ በ1972 ግን ከመኪናዋ ጋር አብሮ የሚመጣ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። በር ወይም ኮፈን ሲከፈት የምትለቀቅ ትንሽ ስዊች አለች፤ እርሷ ስትለቀቅ መኪናዋ ትጮኻለች። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ የፋብሪካ አላርሞችም መሠረታቸው ይኸው ነው። በር፣ ኮፈንና የኋላ ዕቃ መጫኛ ሲከፈት ያውቃሉ፤ ከዚያ ውጭ የሚደረገውን አያውቁም።

ሌባው ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ1980ዎቹ የመኪና ሬዲዮ ስርቆት ኒውዮርክን አስመርሮ ስለነበር ሰዎች «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት መስታወታቸው ላይ ለጥፈው ያድሩ ነበር። ሌባው በሩን አይነካም፤ መስታወቱን ሰብሮ፣ እጁን ሰድዶ፣ ሬዲዮውን ነቅሎ ይሄዳል። በሩ ስላልተከፈተ የፋብሪካው አላርም ትንፍሽ አይልም።

ተጨማሪው ሴንሰር የመጣው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። አንዱ ዓይነት መኪናው ሲመታ ንዝረቱን ይሰማል፤ ቀላል ምት ከሆነ አጭር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከባድ ከሆነ ሙሉውን ያስጮኻል። ሁለተኛው የመስታወት ስብራት ድምፅን የሚለይ ማይክሮፎን ነው። ሦስተኛው የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በመኪናው ውስጥ እየረጨ እንቅስቃሴ ይጠብቃል፤ ይህ መስታወት ክፍት ከሆነ ነፋስ ያታልለዋል። አራተኛው መኪናው ሲያዘነብል ይነቃል፤ ጎታች መኪና ሲያነሣው ወይም ሌባ ጎማ ሊፈታ በክሪክ ሲያቆመው ማለት ነው።

ከፋብሪካው አላርም ጋር ማገናኘቱ ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። ከገበያ የሚገዛው አላርም ሴንሰሩን መቼ እንደሚያነቃው ያውቃል፤ የፋብሪካው ግን ለእንግዳ ሴንሰር የተዘጋጀ ሽቦ አልነበረውም። ስለዚህ መካኒኩ በሩ ሲቆለፍ ሴንሰሩን የሚያነቃ፣ ሲከፈት የሚያስተኛ ሪሌይ ይጨምራል። ከዚያም የሴንሰሩን ሽቦ ከኮፈኑ ስዊች ሽቦ ጋር ያገናኘዋል። እንግዲህ መስታወቱ ሲመታ አላርሙ ኮፈኑ የተከፈተ መስሎት ይጮኻል። በአንዳንድ መኪና ስዊቹ የሚሠራው በኔጋቲቭ ነው፣ በሌላው በፖዘቲቭ፤ ይህን ያልለየ ሰው ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል። በዛሬ መኪኖች ደግሞ የበሩ ወሬ በኮምፒውተር መረጃ መልክ ስለሚተላለፍ፣ የሚያስተረጉም መሣሪያ ሳይገዙ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጆሮው ሲበዛ ጩኸቱም በዛ። ከባድ መኪና ሲያልፍና ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ሠፈሩ በሙሉ ይነቃ ጀመር። ሰዎችን ከመኪናው እንዲርቁ በሰው ድምፅ የሚያዝዘው ቫይፐር የተባለው አላርም የታወቀው በዚያ ዘመን ነው፤ ድምፁ በ2000 ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጡት የኩባንያው መሥራች የዳረል አይሳ ነበር። ይሁንና በ1991 በአሜሪካ ወደ 1.66 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ተሰረቁ። በ1997 በኢንሹራንስ መረጃ ላይ የተደረገ ጥናትም አላርም ያላቸው መኪኖች የስርቆት ኪሣራቸው በጠቅላላው እንዳልቀነሰ አሳየ። ዘወትር በከንቱ የሚጮኽ ውሻ ጅብ የመጣ ዕለትም ሰሚ የለውም።

ነገሩን የለወጠው ጩኸት ሳይሆን ዝምታ ነው። በ1986 ኮርቬት ቁልፏ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ተደረገላት፤ መኪናዋ ከ15 ዓይነት ምልክቶች የራሷን ካላገኘች ሞተሩ አይነሣም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቁልፉ ውስጥ ቺፕ ገባ። አውሮፓ ይህን ሞተር ከልካይ ለአዳዲስ የመንገደኛ መኪኖች በ1998 ግዴታ አደረገ፤ ካናዳም በ2007 ተከተለች። አሜሪካ ባታስገድድም አብዛኞቹ ሠሪዎች በፈቃዳቸው ገጠሙት፤ በ2014 በአገሪቱ የተሰረቀው መኪና ከ700 ሺህ በታች ወረደ። ከምክንያቶቹ አንዱም ይኸው ነው።

ያልገጠሙትስ? በ2015 ሞዴል ከሌሎች ሠሪዎች መኪኖች 96 በመቶው ሞተር ከልካይ ሲኖራቸው የሂዩንዳይና የኪያ ግን 26 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከ2021 ወዲህ ልጆች በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያስነሡ ወሰዷቸው፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ። በየካቲት 2023 ለ8.3 ሚሊዮን መኪኖች የሶፍትዌር ማስተካከያ ሲወጣ አላርሙ ከ30 ሴኮንድ ወደ 1 ደቂቃ ረዘመ፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ቁልፍ ካልገባ ሞተሩ እንዳይነሣ መደረጉ ነበር። ፖሊስም በየከተማው የመሪ መቆለፊያ ብረት በነፃ አደለ።

ታዲያ ተጨማሪ ሴንሰር ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። እንጀራቸው መኪናቸው የሆነ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ፕሪየስ የሚነዳ ሰው ሌባ ከሥር ገብቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ሲቆርጥበት የበር ስዊች ምንም አታውቅም፤ መኪናው በክሪክ ሲነሣ የሚነቃው ሴንሰር ግን ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናችሁ ሞተር ከልካይ እንዳላት አረጋግጡ። ቀጥሎ የምትፈሩትን ለዩ፤ ለዚያ የሚሆነውን አንዱን ብቻ አስገጥሙ፤ ስሜቱንም በልክ አስተካክሉት።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሴንሰር እንቅልፍ የለውም፤ ባትሪ ይበላል። በጠቅላላው 50 ሚሊ አምፔር የሚስብ መኪና 60 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ በ30 ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጨርሳል። ለገና አገር ቤት ወርዶ፣ ጥምቀትን አክብሮ፣ ወር ቆይቶ ለሚመለስ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ መኪናውን ማንም ሳይነካት ሞታ ሊያገኛት ይችላል።

እናም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከውጭ ጩኸት ስትሰሙ ብድግ ብላችሁ እዩ። የእናንተ ባትሆን የጎረቤት ጠረጴዛ ትሆናለች። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አልጠቀመም፤ ጅቡ ሳይሄድ ሲጮኽ ግን የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።