የክረምቱ መዝገብ

አባቴ አጋሮ ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው። በልጅነቴ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ዓይኔን የሚስበው ከረሜላው አልነበረም፤ ከባንኮኒው ሥር የሚቀመጠው ረጅም የዱቤ መዝገብ ነበር። መዝገቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሞላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እየተሰረዘ ያልቃል። በግራ በኩል የሰው ስም፣ ከዚያ ቀጥሎ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የበቆሎ ዱቄት ይሰፍራል። በቀኝ በኩል የሚጻፈው ግን ብር አልነበረም፤ ፈረሱላ ነበር። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ገበሬው በክረምት የወሰደውን በለቀማ ጊዜ በጀንፈል ቡና ይከፍላል። የፈረሱላው ዋጋ የሚቆረጠው ታዲያ ቡናው በደረሰ ጊዜ ሳይሆን፣ ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ሳለ፣ የገበሬው ጎተራ በተራቆተበት በሐምሌ ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ዕቃውን ከጅማ ነጋዴ በዱቤ ያመጣ ነበር፤ የጅማውም ነጋዴ ከአዲስ አበባ። እኔ ጫማ ያደረግሁት፣ ደብተር የገዛሁት፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቼ ዲፕሎማዬን የያዝኩት በዚያ መዝገብ ነው። ስለዚህ የቡና አገር ሰው ለምን ደኸየ ብዬ ስጽፍ፣ ከዳር ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው ልጽፍ አይቻለኝም።

መዝገቡ ሳይሰረዝ የቀረበትን ዓመት አስታውሳለሁ። 1994 ዓ.ም. ነበር። የዓለም የቡና ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የወረደበት ጊዜ ነው። እኛ ቤት ስለ ኒውዮርክ የሚያውቅ አልነበረም። ያየሁት አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ደጃፍ ላይ አስረው፣ ጆንያቸውን አውርደው አባቴን «ልጄ፣ ቡናው ይኸው። ዕዳው ግን ከቡናው በለጠ» ሲሉት ነው። አባቴ ሻይ አስቀዳላቸው። ብዙ አልተነጋገሩም። በዚያ ዓመት ቡናውን መንቅሎ ጫት የተከለ ሰው እንዳለ በየሳምንቱ ይወራ ነበር።

ዓመታት አልፈው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ጽሑፍ የላኪዎችን የዋጋ ዝርዝር ስመለከት «ጅማ 5» የሚል አየሁ። ለካ የትውልድ አገሬ ስም በዓለም ገበያ የደረጃ ስም ነው፤ ያውም የርካሹ። ይርጋጨፌ ሲባል የቀመሰ ሁሉ ፊቱ ይፈካል። ጅማ ሲባል ግን ገዢው የሚያስበው መሬት ላይ የደረቀ፣ ከየቦታው የተቀላቀለ፣ ለመደባለቂያ የሚሆን ቡና ነው። መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ የደረሰባቸው የንግድ ስሞች ሦስት ነበሩ፤ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ። ጅማ አልነበረበትም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ቡና የበቀለበት ምድር፣ ጫካው ሳይቀር ቡና የሆነበት አገር፣ እንዴት በርካሽነት ይታወቃል? የቦንጋና የጮጬ ሰዎች ቡና የተገኘው በእኛ ዘንድ ነው፣ በእኛ ዘንድ ነው እየተባባሉ ሲከራከሩ ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ አለ። በመገኛነቱ ላይ የተከራከርነውን ያህል በዋጋው ላይ ብንከራከር ኖሮ!

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ጊቤ መንግሥታት መመለስ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። በመጀመሪያ የገነነው ሊሙ እናርያ ነበር፤ ንጉሡ አባ ባጊቦ፣ ከተማው ሰቃ። ኋላ የንግዱ ማእከል ወደ ጅማ፣ ወደ ሂርማታ ገበያ ዞረ። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሳሉ።

የጅማ ሽማግሌዎች ያን ዘመን ሲያወሱ ዓይናቸው ይበራል። በዳግማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ነጋዴው ተከብሮ፣ ገበያው ደርቶ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ እንደነበር ይናገራሉ። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከሂርማታ ከሚወጣው ዕቃ መካከል ሰውም ነበረበት። የባሪያ ንግድ ከገበያው ምሰሶዎች አንዱ ነበር፤ የሹማምንቱም እርሻ በባሪያ ጉልበት ይሠራ ነበር። ድህነታችን የመጣው ሌሎች በመጡ ጊዜ ብቻ ነው የሚለውን ተረት ለመቀበል የሚከብደኝ ለዚህ ነው። የሰውን ድካም ለሌላው የሚያስረክበው ሥርዓት አገር በቀል ሥርም ነበረው።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ሁለት መልክ አለው። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ የጊቤ አገሮች በሸዋ እጅ ወደቁ። አባ ጅፋር ጦር ሳይገጥሙ ገብረው፣ ዓመታዊ ግብራቸውን እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ። የጎረቤቶቹ ዕጣ ግን ሌላ ነበር፤ ወታደር ሠፈረባቸው፣ ሕዝቡ ገባር ሆኖ ተመደበ። ግብር፣ ማር፣ እህል፣ የጉልበት ሥራ ከየቤቱ ተቆጠረ። የጅማም ነፃነት ቢሆን እስከ እ.ኤ.አ. 1932 ነው የቆየው። አባ ጅፋር በሸመገሉ ጊዜ ራስ ገዝነቱ ተነሥቶ ሹም ከአዲስ አበባ ይላክ ጀመር፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት አረፉ።

ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ አድርጎ መንገድና ሕንፃ ሠራ፤ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ለቡናው ገበሬ ዋናው ለውጥ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መንገድ ስላለ ቡናው በካሚዮን አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያም በባቡር ጅቡቲ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋጋው ሲወጣ፣ ቀድሞ ጫካ ተብሎ የታለፈው መሬት ድንገት ወርቅ ሆነ። ጋሻ መሬት ለሹማምንት፣ ለጦር ሰዎች፣ ለባለውለታዎች ተሰጠ፤ ብዙዎቹ መሬታቸውን ሳያዩት አዲስ አበባ ተቀምጠው ምርቱን ይቀበሉ ነበር። ቡናውን ሲጠብቅና ሲመነጥር የኖረው ሰው ጭሰኛ ተባለ። ለለቀማው ደግሞ ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከወሎ ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር። የለቃሚው ነገር ሁልጊዜ በታሪኩ ዳር ነው የሚቀረው፤ ዛሬም ቢሆን በቡና አገር ከሁሉ የደኸየው እሱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። የእኛ አካባቢ ሰው ስለዚያ ቀን ክፉ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ነገር ግን መሬቱን ያገኘው ገበሬ ቡናውን አላገኘም። ደርግ ቡናውን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለቡና ገበያ ኮርፖሬሽን እንዲያስገባ አዘዘው። እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚል ላይ ውርጭ ወድቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው በፓውንድ ከ3 ዶላር ሲያልፍ፣ ትርፉ በብዛት የገባው ወደ መንግሥት ካዝና ነው። በጅማ መንገድ የተጓዘ የዚያ ዘመን ሰው ኬላውን አይረሳም። ለዘመድ ስጦታ ብሎ ጥቂት ኪሎ ቡና በሻንጣው የያዘ ተሳፋሪ እንደ ሌባ ይፈተሽ ነበር። ገበሬው በገዛ ቡናው ኮንትሮባንዲስት ሆነ።

ሰኔ 1981 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓቱ ፈረሰና ዋጋውን ደግፎ የያዘው ምሰሶ ወደቀ። ደርግ ወድቆ ንግዱ ሲለቀቅ የእኛ ገበሬ ነፃ ገበያውን የተገናኘው ያለ ምንም መከታ ነው። የአባቴ መዝገብም ያን ጊዜ ነው የተከፈተው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ባለርስቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን የሚወስደው በምርት ጊዜ ነው፤ ኮርፖሬሽኑ ዋጋውን የሚቆርጠው ከምርት በፊት ነው፤ ባለሱቁ የሚገዛው በክረምት ነው። ጌቶቹ ተለዋወጡ እንጂ ቡናው ዋጋ በሚያወጣበት ሰዓት ከገበሬው እጅ ላይ ተገኝቶ አያውቅም። የባሰበት ደግሞ ማሳውን ወለድ አገድ ይሰጣል፤ ገንዘቡን እስኪመልስ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ቡናውን ይለቅማል። ለመሆኑ በሐምሌ ለተሸጠ ቡና ማን ይጨነቃል? ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ ቢለቅም፣ በአልጋ ላይ ቢያደርቅ፣ የሚጨመርለት አንድ ሳንቲም የለም። በአንድ ጊዜ አራግፎ መሬት ላይ ያሰጣል፤ እርጥበትና አፈር ይጠጣል። «ጅማ 5» የሚባለው ጣዕም የአፈሩ ወይም የዝርያው አይደለም። የዕዳ ጣዕም ነው።

«የጅማ ሰው ጫት ይዞ ስለሚቀመጥ ነው የደኸየው» የሚለውን በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ስንት ጊዜ ሰማሁት! ጫቱ የለም አልልም። ግን ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቆረጥ፣ ክረምትም ቢሆን ገንዘብ የሚያመጣ ተክል ነው። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ከብዙ ባለሙያ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ገብቶታል፤ መፍትሔው ሌላ ጣጣ ያመጣ እንደሆነ እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰዉ በጋራ መሥራትን አያውቅም እንዳይባል ደቦው አለ፣ ዕድሩ አለ፣ ዕቁቡ አለ። ችግሩ ማኅበር የሚለው ቃል በደርግ ጊዜ መበላሸቱ ነው። ማኅበር ማለት ኮታ ማለት ሆኖ ነበር። በ1983 ዓ.ም. በብዙ ቦታ ሰዉ የማኅበሩን መጋዘን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ወስዷል። በ1991 ዓ.ም. አዲስ የኅብረት ሥራ አዋጅ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲመሠረት፣ የገበሬው ጥርጣሬ የስንፍና ሳይሆን የትዝታ ነበር።

ከዚህ ወዲህ ከሆነው ውስጥ የዱሮሚናን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ከአጋሮ አጠገብ፣ በጎማ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መቶ የሚያህሉ ገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። ቡናቸው «ጅማ 5» ተብሎ የሚሸጥ ነበር። ቴክኖሰርቭ የተባለ ድርጅት እያሠለጠናቸው፣ ከባንክ ተበድረው የቡና ማጠቢያ ተከሉ፤ ቀይ እሸት ብቻ እየለቀሙ ማስረከብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር የዱሮሚና ቡና አንደኛ ወጣ። ያው አፈር፣ ያው ዛፍ፣ ያው ሰው ነው። በጌራ የናኖ ጫላ ማኅበርም በዚሁ መንገድ ስሙን አስጠርቷል። ዱሮሚና በኦሮምኛ ብልጽግና እንደማለት ነው።

እኔን ከሽልማቱ ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለተኛው ክፍያ ነው። አባሉ እሸቱን ሲያስረክብ የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀበላል፤ ቡናው ውጭ አገር ተሸጦ፣ ወጪና ብድር ተቀናንሶ ሲተርፍ ደግሞ ቀሪው ይከፋፈላል። ከለቀማ ብዙ ወራት ዘግይቶ ይመጣል። በአንድ ቀበሌ ያነጋገርኳቸው አዛውንት «እኔ ያችን ገንዘብ ለልጆቼ ልብስ አላወጣትም፤ ለሐምሌ ነው የማስቀምጣት» አሉኝ። ምሁራን በብዙ ገጽ የሚጽፉትን እሳቸው በአንድ ወር ስም ጨረሱት።

ነገሩን ግን ማር ብቻ አላደርገውም። የማኅበር ሰብሳቢ ሂሳብ ሲደብቅ ሁለተኛው ክፍያ ይጠፋል፤ ከእሱ ጋር እምነቱም። በአባልነት የሚመዘገበው በአብዛኛው አባወራው ነው፤ ለቅማ፣ ለይታ፣ አድርቃ የምታስረክበው ሚስት ስም የላትም። መሬት የሌለው ለቃሚ ደግሞ ከነጭራሹ አባል ሊሆን አይችልም። ዋጋ ሲወጣም ፈተናው ሌላ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ዋጋው በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ገበሬው ማኅበሩን ትቶ ለእሱ ይሸጣል። አይፈረድበትም። ግን ማጠቢያው ባዶ ሲውል የባንኩ ብድር አይቆምም።

ያነጋገርኳቸው አዛውንት ቀበሌ ውስጥ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ሽልማት የማያስገኝ በመሆኑ ማንም አልጻፈውም። ዕድራቸው ለቀብር ከሚዋጣው ላይ ጥቂቱን ለይቶ በጥር በቆሎ እየገዛ ያከማቻል፤ በሐምሌ ለቸገረው አባል ያበድራል፤ በኅዳር በቆሎው ወይም ዋጋው ይመለሳል። ወለድ የለውም፤ ሃይማኖታቸውም አይፈቅድም። ዳኛው መዝገቡን ሲያሳዩኝ በግራ ስም፣ በቀኝ ኩንታል ተጽፏል። ልክ እንደ አባቴ መዝገብ ነው፤ የቡና ነገር ብቻ የለበትም።

አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው ፋሲካ አጋሮ ስወርድ እናቴ መዝገቡን ከሣጥን አወጣችልኝ። የ1994ቱን ገጽ ፈለግሁ፤ የሽማግሌው ስም አለ፣ አራት ፈረሱላ፣ ሳይሰረዝ። ይህን ቀድጄ ልጣለው ወይ አልኳት። «ተወው፤ ገልብጠህ እይ» አለችኝ። ከኋላ በኩል አባቴ ለጅማው ነጋዴ ያለበትን የራሱን ዕዳ ጽፎ ኖሯል። እሱም አልተሰረዘም።