«የሚኖሩ» የምትለዋ ቃል



አንድ ጽሑፍ አንዲት የስድብ ቃል ሳይኖርበት ሰውን በገዛ አገሩ ባይተዋር ሊያደርገው ይችላል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተለመደውን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚለውን አጠራር እንውሰድ። («እስላም» የሃይማኖቱ ስም እንጂ የሰው መጠሪያ አይደለም። ቢሆንም አያቶቻችን ራሳቸውን ሲጠሩበት ስለኖሩ እዚህ ላይ ብዙ አንከራከርም።) ክብደቱ ያለው «የሚኖሩ» ላይ ነው። ቃሉ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ባለቤት «ቤቴ» ይላል፤ «እዚህ የሚኖር» የሚባለው ተከራዩ ነው፣ ነገ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሄድ የሚችለው። ለዘመናት እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የተቀበረ ሕዝብ ይህን ሲያነብ ምን ይሰማው?

ቃሉ ከሕጉ ጋር የተስማማ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓል። የሙስሊሙ በዓላት ደግሞ ብሔራዊ አልነበሩም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ የመሬት ባለቤትነት መብታችን ይጠበቅ አሉ። ከእነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ጎን አንድ የአጠራር ጥያቄም ነበር፦ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። ለውጡ የጥቂት ፊደላት ነው። ግን አገሪቱ ከመኖሪያ አድራሻነት ወጥታ የሰዎቹ መጠሪያ ሆነች።

በ1967 ዓ.ም. ኢድ አል ፈጥር፣ ኢድ አል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።