የአከራይ ኃላፊነትና የእሳት ማምለጫ፤ ከኒውዮርክ ታሪክ የተገኘ ትምህርት

ቤት አከራይ ለተከራዩ የሚያስረክበው ምንድን ነው? ግድግዳ፣ ጣሪያና ቁልፍ ብቻ ነውን? ወይስ ሌሊት እሳት ቢነሣ ከነልጆቹ በሕይወት የሚወጣበትን መንገድ ጭምር? ጥያቄው ዛሬ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በኒውዮርክ ከተማ ግን መልስ ያገኘው በብዙ ሰው ሕይወት ዋጋ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአየርላንድና ከጀርመን የፈለሰው ሕዝብ በማንሃታን የታችኛው ክፍል ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ባለንብረቶች በጠባብ ቦታ ላይ አምስትና ስድስት ፎቅ እየሠሩ በእያንዳንዱ ፎቅ ብዙ ቤተሰብ ያስገቡ ነበር። መውጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የእንጨት ደረጃ ነበር፤ ይኸውም በቤቱ መካከል ስለሚያልፍ፣ ከታች እሳት በተነሣ ጊዜ እንደ ጢስ መውጫ ሆኖ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስበዋል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1860 በኤልም ጎዳና በሚገኝ ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ቤት የደረሰው አደጋ ይህንኑ በግልጽ አሳየ። እሳቱ ከታች ተነሥቶ ደረጃውን በላው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላልም እላይኛዎቹ ፎቆች ድረስ አልደረሰም። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ፣ ከስምንት በላይ ቤተሰብ የሚኖርበት አዲስ ቤት እሳት የማይበላው ደረጃ ወይም የውጭ ማምለጫ እንዲኖረው አዘዘ። የ1867 ሕግ ደግሞ የማምለጫውን ግዴታ ወደ ነባሮቹ የኪራይ ቤቶች አሰፋው።

ይሁን እንጂ ሕግ መውጣቱ ብቻውን ቤት አያድንም። አንዳንድ አከራዮች ግዴታቸውን የተወጡ ለመምሰል በግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ የብረት መሰላል አንጠለጠሉ፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ግን በዚያ ልትወርድ አትችልም። በሎውረንስ ቬይለር ጥረት በ1900 የተዘጋጀው ኤግዚቢሽን የሕዝቡን ዓይን ከከፈተ በኋላ፣ አገረ ገዥው ቴዎዶር ሩዝቬልት አጣሪ ኮሚሽን ሠየሙ። ከዚህ የተነሣ የወጣው የ1901 ሕግ ቀጥ ያለውን መሰላል ከለከለ፤ በምትኩ የብረት ሰገነትና ተዳፋት ደረጃ እንዲሠራ አዘዘ፤ ተቆጣጣሪዎች ያሉት መሥሪያ ቤትም አቋቋመ።

ባለንብረቶቹ ዝም አላሉም። ካቲ ሜሸን የተባሉ የቤት ባለቤት፣ ነባር ቤትን በራስ ወጪ አሻሽል ማለት ንብረትን መንጠቅ ነው በማለት ተሟገቱ። የተከሰሱበት ጉዳይ የእሳት ሳይሆን የመጸዳጃ ቤት ነበር፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1904፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1906 ፈረዱባቸው። በመሆኑም ቤቱ ከሕጉ በፊት መሠራቱ ለአከራይ መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በዲሴምበር 2017 በብሮንክስ በአንድ የኪራይ ቤት እሳት ሲነሣ የሸሹት ሰዎች በሩን ክፍት ትተው በመውጣታቸው እሳቱ ደረጃውን ይዞ ወጣ፤ 13 ሰዎች ሞቱ። በ2018 የከተማይቱ ምክር ቤት አከራዮች በራሳቸው የሚዘጉ በሮች እንዲኖሯቸውና እንዲጠግኗቸው ደነገገ። ሆኖም ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በዚያው በብሮንክስ፣ ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምክንያት እሳት ተነሣ። እሳቱ ከተነሣበት ቤት ብዙም አልራቀም፤ መዘጋት የነበረበት በር ሳይዘጋ በመቅረቱ ግን ጢሱ ሕንፃውን ሞላ። 17 ሰዎች አለቁ፤ 8ቱ ሕፃናት ነበሩ።

ከ1860 እስከ 2022 ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ ሰው የሚሞትበት መንገድ ግን ያው ደረጃ ነው። ስለዚህ እኛ የሙያው ባልደረቦች ልናስብበት የሚገባው ነገር አለ። የአከራይ ኃላፊነት ማምለጫ በማሠራት አይፈጸምም፤ ኪራይ በተቀበለ ቁጥር የሚታደስ ዕዳ ነው። ፕላን የምንፈርም፣ ሕንፃ የምንመረምርም ሁላችን ከዚህ ዕዳ ድርሻ አለን። የላላ የበር ማጠፊያ ጥቃቅን ጉድለት መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ለአሥራ አምስተኛው ፎቅ ነዋሪ ግን የሕይወትና የሞት ወሰን እርሱ ነው።