ስምና ብረት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። ለሰው ልጅ እንዲያ ይሆን ይሆናል፤ ለቁሳቁስ ግን ስም የሚያወጣለት ያው ሰው ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ሁለት የቁስ ስሞችን እናነሣለን። አንደኛው «የማይጠፋ»፣ ሁለተኛው «የማይዝግ» ማለት ነው። ሁለቱም የሰው ልጅ ጸጥታን ፍለጋ ባደረገው ጉዞ ውስጥ በየተራ ታምነዋል፤ ሁለቱም የሰው ሕይወት አስከፍለዋል።

የነገሩ መነሻ ማሚቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ የሐርቫርድ ወጣት የፊዚክስ መምህር አንድ ችግር እንዲፈታ ተጠየቀ። በፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ የሚነገረው አይደመጥም ነበር። በባዶው አዳራሽ አንድ ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ 5.5 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ የቀደመው ቃል ሳይሞት ተከታዩ ይደርስበታል። ሳቢን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ከሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶችን አስመጣ። ሌሊት ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ ትራስ በተጨመረ ቁጥር ማሚቶው ምን ያህል እንደሚያጥር ለካ። ለስላሳ ነገር ድምፅን የሚጠጣበት መጠን በቁጥር ሊሰላ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትራስ ግን እርጥበት ባለበት ይሻግታል። በቤት ውስጥ የተሠራ መዋኛ ገንዳን አስቡት። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ መካከሉ ውኃ ነው፤ ሁሉም ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ። የልጆች ጨዋታና የድረሱልኝ ጩኸት ተቀላቅለው አንድ ጫጫታ ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ጸጥታ ቅንጦት አይደለም።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ መልሱ አስቤስቶስ መሰለ። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። ከማጣበቂያ ጋር ተቀይጦ በጣሪያ ላይ ሲረጭ ድምፅን ይመጥጣል፣ ጤዛን ይቀንሳል፣ እሳትም አይበላውም። ነገር ግን ሲረግፍ የሚተነፈሰው ብናኝ በሳንባ ውስጥም የማይጠፋ ሆነ፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ካንሰር እየሆነ ተገለጠ። አሜሪካ እሳትንና ሙቀትን ለመከላከል የሚደረገውን ርጭት በ1973፣ ለጌጥ የሚደረገውን ደግሞ በ1978 ከለከለች።

ሁለተኛው ስም ከኮርኒሱ በላይ፣ ዓይን በማያየው ስፍራ ተሸሽጎ ነበር። ድምፅ መጣጭ ሰሌዳው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ኮርኒሱ ራሱ በአንድ ነገር መንጠልጠል አለበት። ተራ ብረት በገንዳ አየር ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ተመረጠ።

ግንቦት 9 ቀን 1985 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ አቅራቢያ በምትገኘው በኡስተር ከተማ፣ በ1972 የተከፈተ የመዋኛ አዳራሽ ኮርኒስ በዋናተኞች ላይ ወደቀ። 12 ሰዎች ሞቱ። ያ ኮርኒስ ድምፅ መጣጭ ልባስ ሳይሆን ከባድ ኮንክሪት ነበር፤ ያንጠለጠሉት ዘንጎች ግን የማይዝግ ብረት ነበሩ። ሌሎች ኮርኒሶችና ድምፅ ማጉያዎችም በዚሁ ዓይነት ብረት ተሰቅለው ነበርና ፍርሃቱ ከአንድ ከተማ አልፎ ሄደ።

ምርመራው የገለጠው ይህን ነው። ለውኃ ማጽጃ የሚጨመረው ክሎሪን ከዋናተኞች ላብና ሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚተንን ውሁድ ይፈጥራል። የገንዳን ሽታ የምንለው እርሱን ነው። ተንኖ ከላይ ባለው ብረት ላይ ያርፋል። ያንን ብረት ደግሞ ማንም አያጥበውምና ጨውነቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ሸክም የተሸከመው ዘንግ ከውስጥ እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ እያወጣ ይሰነጠቃል። ተራ ብረት ቀልቶና ረግፎ ሕመሙን ይናዘዛል፤ ይህኛው ግን ብዙም ሳይታይበት ይበጠሳል። እንዲህ ያለው ጉዳት ከ50 ዲግሪ በታች አይደርስም ተብሎ ይታመን ነበር። የገንዳ አየር ግን 30 ዲግሪ ገደማ ነው።

ትምህርቱ ታወቀ፣ ተጻፈም። በ2006 የወጣው የአውሮፓ ደረጃ አዘውትሮ ለማይታጠብ ሸክም ተሸካሚ ክፍል የሚፈቀዱትን ጥቂት የብረት ዓይነቶች በቁጥራቸው ዘረዘረ፤ 1.4529፣ 1.4547 እና 1.4565። ሆኖም ኅዳር 1 ቀን 2011 በኔዘርላንድስ፣ በቲልበርግ ከተማ፣ በመዋኛ አዳራሽ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ማንጠልጠያው ተበልቶ ወደቀ። ከእናቷ ጋር የነበረች ጨቅላ ሞተች። ከኡስተር 26 ዓመት አልፎ ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ የ26 ዓመት ርቀት ነው። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ነበረ፤ ዘንጉ ግን በጣሪያ ነበረ፤ በመካከላቸው መሰላል የሚወጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። «የማይዝግ» የሚለው ቃል ግን መሰላሉን አላስፈላጊ አስመሰለው። እኛ ቃልን የምንወድ ሰዎች ቃል ምን ማድረግ እንደሚችል እናውቃለን። አንዳንዴ የሚያደርገው ግን ሊመረመር የሚገባውን ነገር ከምርመራ ማሳረፍ ነው።

ቸር ይግጠመን።