«ቆይ ላስመጣልህ»፦ አንባቢ ሲጠይቅ የሚገዛው የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ

መርካቶ ገብቶ የፈለገውን ዕቃ ያጣ ሰው በቀላሉ ባዶ እጁን አይመለስም። ባለሱቁ «የለም» ከማለቱ በፊት «ቆይ ላስመጣልህ» ይልና ልጅ ይልካል። ልጁም ከጎረቤት ሱቅ ወይም ከመጋዘን ዕቃውን ይዞ ከተፍ ይላል። ባለሱቁ ያን ዕቃ አስቀድሞ አልገዛውም፤ ገንዘቡንም አላሰረበትም፤ መደርደሪያውንም አላጣበበበትም። የገዛው ጠያቂ ሲመጣ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ የሚገኙ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን የሚገዙበት አንዱ መንገድ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። የሙያው ሰዎች «ፓትሮን ድሪቭን አኩዊዚሽን» ይሉታል፤ በአማርኛ «በአንባቢ ጥያቄ የሚመራ ግዢ» ልንለው እንችላለን። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያህል እንደሚበጅ እንመለከታለን።

ችግሩ ምን ነበር?

እንደሚታወቀው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲገዙ የኖሩት በግምት ነው። መምህራን ዝርዝር ያቀርባሉ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ይመርጣል፣ ግዢ ክፍል ይገዛል። «አንድ ቀን አንባቢ ይፈልገዋል» ተብሎ የተገዛው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ያ አንድ ቀን ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ይህን በቁጥር ያሳየው የታወቀ ጥናት በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በአለን ኬንት መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1969 ከገዛቸው መጻሕፍት መካከል 40 በመቶ ያህሉን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተዋሳቸውም። ከ30 ዓመት በኋላም ነገሩ አልተሻሻለም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2010 ባወጣው ሪፖርት ከ1990 ወዲህ ከታተሙት መጻሕፍቱ 55 በመቶ ያህሉ ተዋሽ እንዳላገኙ ገልጿል።

እርግጥ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ሱቅ አይደለም። ዛሬ ያልተነካ መጽሐፍ ከ20 ዓመት በኋላ ለአንድ ተመራማሪ ብቸኛው ምንጭ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በጀት እየጠበበ፣ የመጽሐፍ ዋጋ ደግሞ እየናረ ሲሄድ «አስቀድመን ከምንገምት አንባቢው ራሱ ቢነግረንስ?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአሜሪካ ኮሎራዶ ኔትላይብረሪ በተባለ ኩባንያ በኩል ነው። በ2004 ደግሞ ኢቢኤል የተሰኘው የአውስትራሊያ አቅራቢ ግዢን ከአጭር ጊዜ ኪራይ ጋር ያዳበለ አሠራር ይዞ ገበያ ገባ። ሂደቱ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ ከአቅራቢው ጋር ይዋዋልና መስፈርት ያስቀምጣል። የትምህርት ዘርፍ፣ ቋንቋ፣ የኅትመት ዘመንና የዋጋ ጣሪያ ይወሰናል። የተወሰነ ገንዘብም ተቀማጭ ይደረጋል። ቀጥሎ አቅራቢው መስፈርቱን የሚያሟሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን መረጃ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ያስገባል። መጻሕፍቱ ገና አልተገዙም፤ ካታሎጉን ለሚፈልግ ተማሪ ግን ከተገዙት ተለይተው አይታዩም።

ተማሪው አንዱን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ቢያገላብጥ ክፍያ የለም። በኢቢኤል አሠራር ነፃው ጊዜ በተለምዶ 5 ደቂቃ ነበር። ኢብራሪ በተባለው ሌላ አቅራቢ ዘንድ ደግሞ ተማሪው 10 ገጽ ካነበበ፣ 10 ደቂቃ ከቆየ ወይም ገጽ ከቀዳ ወይም ካተመ ግዢው ይፈጸም ነበር። ተማሪው ግን መጽሐፍ እንደገዛ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ለፈተናው ወይም ለመመረቂያ ጽሑፉ የፈለገውን ማግኘቱን ብቻ ነው።

ኪራይ ይሻላል ወይስ ግዢ?

የአጭር ጊዜ ኪራይ ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ ነበር። ተከራዩ ሙሉ ዋጋ አይከፍልም፤ ጋዜጣውም አይቀርለትም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ኪራይም ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ሲሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሽያጭ ዋጋውን የተወሰነ መቶኛ ይከፍላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የመጽሐፉ ዋጋ 100 ዶላር፣ የአንድ ቀን ኪራዩ 10 በመቶ፣ ውሉም «ሦስት ጊዜ ይከራያል፣ በአራተኛው ይገዛል» የሚል ነው እንበል። አንድ ሰው ብቻ ከፈለገው ወጪው 10 ዶላር ይሆናል፤ 90 ዶላር ተረፈ ማለት ነው። አራት ጊዜ ከተፈለገ ግን 30 ዶላር ኪራይ ሲደመር 100 ዶላር፣ በጠቅላላው 130 ዶላር ይወጣል። ስለዚህ አሠራሩ የሚያተርፈው አልፎ አልፎ በሚፈለጉ መጻሕፍት ላይ ነው። ክፍሉ በሙሉ ለሚያነበው መማሪያ መጽሐፍ ግን ቀድሞ መግዛት ይሻላል።

አሳታሚዎችም ይህን ስሌት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎች የኪራይ መቶኛቸውን ከፍ በማድረጋቸው፣ በጀታቸውን በድሮው ዋጋ ያሰሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀማጫቸው ሲመናመን አይተዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ

በኢትዮጵያ ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ይህ አሠራር ግን ለእነርሱ እንዳለ ተገልብጦ የሚወሰድ አይደለም። ቢያንስ ሦስት እንቅፋቶች አሉበት።

አንደኛው ዶላር ነው። ተቀማጩም ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀድሞ 5,700 ብር የነበረ የ100 ዶላር መጽሐፍ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። መቼና ስንት መጽሐፍ እንደሚገዛ በማይታወቅበት አሠራር ላይ እንዲህ ያለ የምንዛሪ ለውጥ ሲጨመር ዕቅድ ማውጣት ይከብዳል።

ሁለተኛው የበጀት ዓመቱ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዢ ክፍል የሚያውቀው የታወቀ ዕቃ፣ በታወቀ ብዛት፣ በጨረታ ወይም በፕሮፎርማ መግዛትን ነው። «ተማሪ ሲከፍተው የሚገዛ፣ ርዕሱ አስቀድሞ የማይታወቅ መጽሐፍ» ለኦዲተር ማስረዳት ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ዝርዝሩ ራሱ ነው። «አንባቢ መረጠ» ሲባል አንባቢው የመረጠው ከቀረበለት ውስጥ ነው። በእነዚህ አቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በአብዛኛው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የታተመ መጽሐፍ እዚያ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የሚያጠና ተማሪ ውጭ የታተመውን በአንድ ጠቅታ ያገኛል፤ እዚሁ አዲስ አበባ የታተመውን ግን ካታሎጉ ውስጥ ስለሌለ ሊጠይቀው አይችልም። ያልተጠየቀ መጽሐፍ ደግሞ አይገዛም። ዓመቱ ሲያልቅ የሚወጣው ሪፖርት «የአገር ውስጥ መጽሐፍ ፈላጊ የለውም» የሚል ይመስላል። እውነቱ ግን አንባቢው አለመጠየቁ ሳይሆን የሚጠይቅበት መንገድ ማጣቱ ነው።

የተገዛው መጽሐፍ የማን ነው?

ሌላም ጥያቄ አለ። ከመርካቶ የተገዛ የወረቀት መጽሐፍ የገዢው ነው፤ ያበድረዋል፣ ያወርሰዋል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ «ግዢ» ግን ብዙ ጊዜ በውል የተገደበ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያነበው፣ ስንት ገጽ እንደሚታተም ውሉ ይወስናል።

የቅርብ ጊዜው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከክላሪቬት ነው። ኢቢኤልና ኢብራሪ ቀድሞ በፕሮኩዌስት ተጠቃልለው ነበር፤ ፕሮኩዌስትን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ክላሪቬት ገዛው። ኩባንያው በፌብሩዋሪ 2025 መጻሕፍትን አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው የመግዛት አማራጭን በማቆም ወደ ዓመታዊ ደንበኝነት እንደሚሸጋገር አስታወቀ። ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ሲገጥመው የጊዜ ገደቡን እስከ ጁን 30 ቀን 2026 አራዘመው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አቅራቢው የሱቁን በር በሚዘጋበት ቀን የደንበኝነት ክፍያ ብቻ የነበረው ቤተ መጻሕፍት እጁ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ምን ይበጃል?

በመጀመሪያ በነፃ የሚገኘውን መጠቀም ይገባል። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪና በኋላ የተከተሉት አጎራን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ጥላ ሥር ይገኛሉ። ኢትዮጵያም በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። በዚያ ያለን መጽሐፍ በዶላር መከራየት ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ መግዛት ግድ ከሆነ ወጪው አስቀድሞ የሚታወቅበት አማራጭ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ የአንድን አሳታሚ ሰፊ ስብስብ ለአንድ ዓመት ክፍት ያደርግለታል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የትኛው ምን ያህል እንደተነበበ ታይቶ በከፈለው ገንዘብ መጠን መጻሕፍት መርጦ ያስቀራል። ድምሩ ቁርጥ ስለሆነ ከሰኔ 30 ጋር አይጋጭም፤ የመጨረሻውን ምርጫም የሚያደርገው ባለሙያው ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናው ሐሳብ ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልገውም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀመረው ፕሮግራም፣ አንባቢ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲመጣለት የጠየቀውን የወረቀት መጽሐፍ በውሰት ከማስመጣት ይልቅ መግዛት ጀመረ። በዚህ መንገድ የተገዙት መጻሕፍት በተለመደው መንገድ ከተገዙት የበለጠ ተነበቡ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ለአገር ውስጥ መጻሕፍት አንድ የመጠየቂያ ቅጽና አነስተኛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ቢመድቡ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ከገበያ የጠፋ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጽሐፍ በዶላር አይገኝም፤ በመርካቶ ወይም በለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ግን ሊገኝ ይችላል። እንቅፋቱ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቀው የግዢ ሥርዓት ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሻጭ ተወዳዳሪ ከየት ያመጣል? ለእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የተለየ መመሪያ ማውጣት ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች ከባድ ሊሆን አይገባም።

ለማጠቃለል፣ አንባቢን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ቆይ ላስመጣልህ» የሚለው የመርካቶ ባለሱቅ ዕቃው የት እንዳለ፣ የትኛው ጥሩ እንደሆነና በስንት እንደሚገኝ ጠንቅቆ ያውቃል። ልጁን የሚልከውም ከአንድ መጋዘን ብቻ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም እንደዚሁ ገበያውን ማወቅ አለበት። ምርጫውን ለአንባቢው፣ ዝርዝሩን ደግሞ ለውጭ አቅራቢ ብቻ ትቶ ከተቀመጠ፣ የሚገነባው ስብስብ የተማሪውን ፍላጎት ሳይሆን የሻጩን መጋዘን የሚመስል ይሆናል።